ትጥቅ መፍታትና ትጥቅ ማስፈታት

«ትጥቅ» የሚለው ቃል በአገራችን ከጠመንጃ ይልቅ ዕድሜ ያለው ቃል ነው። ጥንተ ነገሩ ወገብን በመቀነት ወይም በድግ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ሲሆን፣ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ነጋዴ፣ አውድማ ላይ የሚውል ገበሬ፣ በጌታው ፊት ለአገልግሎት የሚቆም አሽከር፣ ወደ ዘመቻ የሚወጣ ወታደርም ሁሉም ይታጠቅ ነበር፤ ማታ ከቤቱ ሲገባ ግን፣ እግሩን ታጥቦ ከመደቡ ላይ ሲያርፍ፣ ማንም ሳያዘው ትጥቁን ይፈታል። በዚህ አነጋገር ትጥቅ መፍታት የዕረፍትና የቤተኝነት ምልክት ነው። በግሡ ራስ ላይ አንዲት «አስ» ተጨምራ «ማስፈታት» በሆነ ጊዜ ግን የነገሩ ጠባይ ፈጽሞ ይለወጣል፤ አዛዡ ሌላ፣ ታዛዡ ሌላ ይሆናል፤ ወገቡ የሚፈታበትም ሰው ቤቱ የገባ ሳይሆን እጁ የተያዘ ይመስለዋል። ከአርበኞቹ ዘመን ጀምሮ በኢትዮጵያ የታጠቀውን ሰው ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ የተደረገው ጥረት ሁሉ፣ የሠመረውም ያልሠመረውም፣ በእነዚህ በሁለቱ ግሦች መካከል ባለው ርቀት ሊለካ ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ ይልቁንም ዛሬ፣ በአንዱ የአገራችን ክፍል የዕርቅ ውል ተፈርሞ በሌላው ክፍል ተኩሱ ገና ባልበረደበት ሰዓት፣ ይህን ርቀት ለይቶ ማወቅ የብዙ ሺህ ሰዎች ሕይወት ጉዳይ ሆኗል።

ይህን ሥራ በብዙ አገር የሠራው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ነገሩን በሦስት ከፍሎታል፤ መጀመሪያ መሣሪያው ይሰበሰባል፣ ቀጥሎ ተዋጊው ከጦር ስሙና ከአለቃው ትእዛዝ ይሰናበታል፣ በመጨረሻም ወደ ቤተሰቡና ወደ ሰላማዊ ግብሩ ተመልሶ እንደ ማንኛውም ዜጋ ይኖራል። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞም አራት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል ይላል፦ የተፈረመ የሰላም ውል፣ በሂደቱ ላይ መተማመን፣ የተዋጊዎቹ ወገኖች ፈቃደኝነት፣ ቢያንስ መጠነኛ የሆነ የጸጥታ ዋስትና። ነገር ግን ዓለም እንደ መመሪያው ስላልሄደች፣ በሶማሊያም በናይጄሪያም በሌሎችም አገሮች ጦርነቱ ሳያባራ ከጫካ የሚወጣውን ሰው መቀበል ግድ ስለሆነ፣ ድርጅቱ መመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2019 አሻሽሎ፣ አራቱ ነገሮች ባልተሟሉበትም ስፍራ በየመንደሩ ግጭትን ለመቀነስ የሚደረገውን ሥራ፣ አስቀድሞ በሄይቲ የከተማ መንደሮች የተሞከረውን፣ ጨመረበት። እንግዲህ የእኛም ጉዳይ የሚታየው በዚህ ዓይን ነው፤ ከአራቱ ነገሮች አንዱ አለ፣ ሌላው የለም፣ የቀረው ደግሞ በአንዱ ክልል አለ በሌላው የለም።

ወደ ኋላ ብንመለከት ግን ኢትዮጵያ በዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት በተመለሰ ጊዜ፣ አምስት ዓመት ሙሉ በዱር በገደል የኖሩትን አርበኞች ወደ ቤት መመለስ ከዘመቻው ያላነሰ ጥበብ የሚጠይቅ ነበር፤ መንግሥትም ለብዙዎቹ ማዕርግና መሬት በመስጠት ክብራቸውን ሊጠብቅላቸው ሞከረ። ሁሉም ግን በአንድ ሚዛን አልተመዘኑም። በጎጃም ጠላትን እስከ መጨረሻው የተዋጉት በላይ ዘለቀ የደጃዝማችነት ማዕርግና የቢቸና ግዛት ቢሰጣቸውም፣ ሹመቱ ከተጋድሏቸው ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ስላልታያቸው ከመንግሥት ጋር ተቃቃሩ፤ ተይዘው ታሰሩ፣ ከእስር አመለጡ፣ እንደገናም ተይዘው በጥር ወር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። የጎጃም ሰው ይህን ፍጻሜ እስከ ዛሬ በኀዘን ያነሣዋል። ጫካ ለነበረው ሰው የሚሰጠው ነገር፣ ብዙም ይሁን ጥቂት፣ የሚለካው በብሩ ወይም በጋሻ መሬቱ ብቻ አለመሆኑን፣ ከጎኑ የተሰለፈው፣ ከኋላው የቀረው፣ ይልቁንም ከጠላት ጋር የነበረው ሰው ምን እንዳገኘ እያየ መሆኑን ከዚያ ዘመን መማር ይቻል ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው የመበተን ታሪክ ግን የ1983ቱ ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን ከአገር ወጥተው፣ ግንቦት 20 ቀን የኢሕአዴግ ሠራዊት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ፣ ከሰሐራ በታች ካሉት የአፍሪካ ሠራዊቶች ሁሉ በብዛቱ አንደኛ ይባል የነበረው ሠራዊት በጥቂት ሳምንት ውስጥ አዛዥም ስንቅም የሌለው የመንገደኛ ጉባኤ ሆነ። ከኤርትራ ግንባር የተበተነው በአሥር ሺሆች የሚቆጠር ወታደር ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ የቀረው በእግሩ እየተጓዘ፣ ከየደረሰበት መንደር ውኃና ቆሎ እየለመነ ወደ መሐል አገር ወረደ፤ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም የሚለምነውንም ወታደር የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። አዲሱ መንግሥት በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን መሠረተ፤ ወታደሮቹም በየማሠልጠኛ ሰፈሩ ተሰብስበው፣ ተመዝግበው፣ «ተሃድሶ» የተባለውን ትምህርት ሰምተው፣ ስንቅና የመጓጓዣ ወጪ እየተሰጣቸው ወደየትውልድ አገራቸው ተሸኙ። በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት በዚህ መንገድ የተሰናበተው የደርግ ወታደር ብቻ 450 ሺህ ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን የሚያህል ብዛት በእንደዚያ ያለ ፍጥነት ያሰናበተ አገር በአፍሪካ አላየሁም።

በዚያን ዘመን ሕፃን ሳለሁ፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ በምትገኘው በእኛ አጥቢያ፣ በጥር ወር 1984 አንድ ሰው በማለዳ መጣ። በ1975 የታወጀው ብሔራዊ ውትድርና ገና ሲጀመር ከገበያ ታፍሶ የሄደ ነበር፤ ሲመለስ አባቱ ሞቷል፣ ታናሽ እኅቱም አግብታ ሄዳለች። የያዘው አንድ የስንብት ወረቀት፣ አንድ ብርድ ልብስና በጆንያ የቋጠረው ጥቂት ስንዴ ነበር። ጠመንጃ አልነበረውም፤ ነገር ግን ከወገቡ የማይለየው ሰፊ የወታደር ቀበቶ ነበረው፣ ማታም ሳይፈታው ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለበሩ ሰጥቶ ይተኛ እንደነበር እናቱ ለእናቴ ሲነግሯት ሰምቻለሁ። የገበሬ ማኅበሩ ከአባቱ መሬት ቆርሶ ሰጠው፤ ለአንዳንዶቹ ተመላሾች እንደ ተሰጠው ሁሉ ለእርሱም አንድ በሬ ደረሰው። አንድ በሬ ግን አያርስም። መቀናጆ ያስፈልገዋል፤ መቀናጆ ደግሞ በመንግሥት ትእዛዝ የሚገኝ ነገር አይደለም፣ ጎረቤት ጎረቤቱን አምኖ በሬውን ከበሬው ጋር በአንድ ቀንበር የሚያስገባበት፣ ዛሬ ለአንተ ነገ ለእኔ የሚባባልበት ውል ነው። የመንደራችን ሰዎች አመነቱ። የደርግ ወታደር ማለት ለእነርሱ ልጆቻቸውን ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ያፈሰ ኃይል ነበርና፣ እርሱ ራሱ የታፈሰ መሆኑን እያወቁ እንኳ ልባቸው አልፈታ አለ።

ይህን ያህል ስለ አንድ ሰው መናገሬ፣ ስለ 1983ቱ ሥራ የተጻፈው መዝገብ ሁሉ የሚያቆመው በዚህ በር ላይ ስለሆነ ነው። ኮሚሽኑ ወደ ገጠር የተመለሰው ወታደር ወደ ከተማ ከተመለሰው ይልቅ ቶሎ እንደ ተቋቋመ ተመልክቷል፤ ምክንያቱም ግልጥ ነው። ባላገሩ መሬት ነበረው፤ ገበሬ ማኅበሩ ሊያካፍለው ይችል ነበር፤ ወንፈሉ፣ ደቦው፣ ዕድሩና የጽዋ ማኅበሩ እርሱን የሚቀበልበት ሥርዓት ከጥንት የቆመ ነበር። በከተማ ግን ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመት ከመተኮስ በቀር ሌላ ሞያ ያልተማረ ሰው፣ መንግሥት ራሱ ሠራተኛ እየቀነሰ ባለበት ጊዜ፣ የትም ሊጠጋ አልቻለም። ዛሬ ይህ የገጠሩ ዕድል በአብዛኛው ተዘግቷል። በብዙው ደጋ የአንድ ቤተሰብ ማሳ ከአንድ ሄክታር በታች ሆኗል፤ በሃያ ዓመቱ ወደ ጫካ የገባው ልጅ ቀድሞውንም መሬት አልነበረውም፣ ስለዚህ «ወደ እርሻው ይመለስ» ሲባል የሚመለስበት እርሻ የቱ ነው የሚለው ጥያቄ መልስ የሌለው ሆኖ ይቀራል።

ሌላም መታወቅ የሚገባው ነገር አለ። የ1983ቱ ሥራ የተሠራው ጦርነቱ በአንድ ወገን ፍጹም ድል ካበቃ በኋላ ነበር፤ ድል የተነሣው ሠራዊት አዛዡ ኰብልሎ፣ መንግሥቱ ፈርሶ፣ የሚመለስበት ግንባር ስላልነበረው ወረቀቱን ተቀብሎ ሄደ። ይህ ማስፈታት ነበር፣ ተቃዋሚ ያጣ ማስፈታት። ተቃዋሚ ባልጠፋበት ስፍራ እንዴት እንደሚሆን በዓመቱ ታየ፤ በሰኔ 1984 የኦሮሞ ነጻነት ግንባር ከዚያ ወር ምርጫ ራሱን አግልሎ፣ በስምምነት ወደ ጦር ሰፈር የገቡት ታጣቂዎቹ ከሰፈሩ ወጥተው ከኢሕአዴግ ሠራዊት ጋር ሲዋጉ፣ ወደ ሃያ ሺህ የሚጠጋ ሰው ተማርኮ በሁርሶ፣ በዴዴሳና በሌሎችም ካምፖች ታሰረ። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በአልጀርሱ ስምምነት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ከተዘጋ በኋላ ደግሞ በዓለም ባንክ ድጋፍ 148 ሺህ ያህል ወታደር ተሰናበተ፤ ይህኛው የመንግሥት ሠራዊት በመንግሥት ትእዛዝ የተቀነሰበት ስለሆነ ብዙ አላወዛገበም። ሊታለፍ የማይገባው ግን፣ ያ ጦርነት በ1990 ሲጀመር፣ ከሰባት ዓመት በፊት የተበተኑት የደርግ ሠራዊት አብራሪዎች፣ መድፈኞችና መኰንኖች ብዙዎቹ እንደገና ተጠርተው ማገልገላቸው ነው። አገር የበተነችውን ሰው ዕውቀት ለካ እንደ ጣለችው አትረሳውም ነበር።

አሁን ወዳለንበት ልምጣ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የፌዴራሉ መንግሥትና ሕወሓት በተፈራረሙት ውል፣ የሕወሓት ተዋጊዎች ከባድና ቀላል መሣሪያቸውን ሁሉ በ30 ቀን ውስጥ እንዲያስረክቡ ተወሰነ። ሠላሳ ቀን! ሁለት ዓመት የተዋጋ፣ ዘመድ የሞተበት፣ ከተማው የተራቆተበት ሰው ሁሉ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ባዶ እጁን እንዲቀር የተጻፈውን ያን አንቀጽ ባነበብሁ ጊዜ፣ ፈራሚዎቹ የፈረሙት የሰላሙን ምኞት እንጂ የሥራውን ልክ አለመሆኑ ታየኝ። ከአሥር ቀን በኋላ ኅዳር 3 ቀን በመንግሥት በኩል ፊልድ ማርሻል ብርሃኑ ጁላ፣ በትግራይ ተዋጊዎች በኩል ጄኔራል ታደሰ ወረደ በናይሮቢ የፈረሙት መግለጫ ነገሩን ወደ ምድር አወረደው፤ የከባድ መሣሪያው ርክክብ የውጭ ኃይሎችና ከመከላከያ ሠራዊት ውጭ ያሉ ኃይሎች ከክልሉ ከሚወጡበት ጋር ጎን ለጎን ይሁን ተባለ። ይህች «ጎን ለጎን» የምትለው ቃል ከሠላሳው ቀን የበለጠች ናት። በጥር 2015 መጀመሪያ በአጉላዕ ታንኩና መድፉ የአፍሪካ ኅብረት ታዛቢዎች ባሉበት ለመከላከያ ሠራዊት ተሰጠ፤ ቀላሉ መሣሪያና ተዋጊው ራሱ ግን ቆየ፤ ምክንያቱም ከሰሜኑ ወሰን የኤርትራ ሠራዊት፣ ከምዕራቡና ከደቡቡም ሌሎች ኃይሎች ፈጽመው አልወጡም ሲል አንዱ ወገን፣ ሌላው ደግሞ ውሉን በጊዜው አልፈጸማችሁም ሲል፣ በመካከሉ የተፈናቀለው ሕዝብ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሁለት ክረምት አሳለፈ።

በዚያው ዓመት የሆነው ሌላው ነገር፣ ጦርነት ባለበት አገር ትጥቅ የማስፈታትን አደጋ ከምንም ነገር አብልጦ የሚያስረዳ ነው። በመጋቢት 2015 መጨረሻ መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች ሁሉ እንዲፈርሱና አባሎቻቸው ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ ወሰነ፤ ሥራውንም «መልሶ ማደራጀት» ብሎ ጠራው። በመሠረቱ ልዩ ኃይል የሚባል የክልል ሠራዊት በሕገ መንግሥቱ ያልተጻፈ፣ ክልልን ከክልል የሚያጋጭ ነገር ስለሆነ፣ ይፍረስ መባሉን በበኩሌ እደግፋለሁ። ነገር ግን በአማራ ክልል ያለው ሕዝብ «መልሶ ማደራጀት» የተባለውን «ትጥቅ ማስፈታት» ብሎ ሰማው፤ የሰማውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በሰሜን የሚገኘው ጎረቤቱ ቀላል መሣሪያውን ገና አልፈታም፤ የወልቃይትና የራያ ጉዳይ አልተቋጨም፤ በወለጋ የሚኖሩ ወገኖቹ በየጊዜው እየተገደሉ ነበር፤ ማን ይጠብቀኛል ብሎ ለሚጠይቀውም ግልጥ መልስ የሰጠው አልነበረም። በጎንደር፣ በቆቦ፣ በሌሎችም ከተሞች ሰልፍና ተኩስ ሆነ፤ ከልዩ ኃይሉ ብዙው መሣሪያውን እንደ ያዘ ፋኖ ወደሚባሉት ታጣቂዎች ገባ፤ ሐምሌ 28 ቀንም በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። አንድ ጦርነት ለመዝጋት ከተሠራው ሥራ ሌላ ጦርነት ተወለደ።

በዚህ ላይ መጨመር ያለብኝ አንድ ነገር አለ። በአማራ ገጠር ሁለት ዓይነት ጠመንጃ አለ፤ መንግሥት የሰጠውና ገበሬው ሁለት በሬና አንዲት ላም ሸጦ የገዛው። የመጀመሪያው የመንግሥት ነውና ሲጠየቅ ይመለሳል። ሁለተኛው ግን በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚኖር፣ በሠርግ የሚተኮስ፣ በለቅሶ የሚነገት፣ አባት ለልጁ የሚናዘዘው የቤት ንብረት ነው፤ የ2012ቱ የጦር መሣሪያ ዐዋጅ ቁጥር 1177 እንኳ ይህን ዓይነቱን ፈጽሞ አልከለከለም፣ ፈቃድና ምዝገባ ይኑረው አለ እንጂ። ሁለቱን ሳይለይ «መሣሪያህን አምጣ» የሚል ሰው፣ ሳያውቀው የውርስ ጉዳይ ውስጥ ገብቷል።

በኦሮሚያ ያለው ነገር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ነሐሴ 1 ቀን 2010 በአሥመራ የኦሮሞ ነጻነት ግንባር ከመንግሥት ጋር ታርቆ፣ መሪዎቹ መስከረም 5 ቀን 2011 በታላቅ አቀባበል አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ስለ ታጣቂዎቹ የተነጋገሩት ምን እንደሆነ በግልጥ ተጽፎ ለሕዝብ አልታየም ነበር፤ ጥቂት ቆይቶም አንዱ ሌላውን ትጥቅ ስለ መፍታት አልተስማማንም ይለው ጀመር፤ አባ ገዳዎችና ሽማግሌዎች ገብተው ከፊሉን ወደ ካምፕ ቢያስገቡም፣ የቀረው በምዕራብና በደቡብ ጫካ ሸማቂ ሆኖ እስከ ዛሬ ይዋጋል። በ2015 በዛንዚባር፣ በ2016 በዳሬሰላም የተደረጉት ንግግሮች ያለ ስምምነት ተበተኑ። ኅዳር 22 ቀን 2017 የኦሮሚያ ክልል ከሸማቂዎቹ የጦር አዛዦች አንዱ ከነበረው ከጃል ሰኚ ነጋሳ ጋር የአፍሪካ ኅብረት ባለበት ተፈራረመ፤ ከእርሱ ጋር የነበሩትም ወጡ። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወንድሙ በጫካ ቀርቶ እርሱ የወጣ ሰው ከሁለት ወገን እንደሚፈራ መርሳት አይገባም፤ መንግሥት እንደ ትናንት ጠላቱ ሊጠረጥረው፣ የጫካው ጓዱ እንደ ከሐዲ ቤተሰቡን ሊበቀልበት ይችላል።

ይህን ሁሉ ለማስተካከል በ2015 የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን፣ በኮሚሽነር ተመስገን ጥላሁን መሪነት፣ 371,971 የቀድሞ ተዋጊዎችን ለማቋቋም ዐቅዶ 760 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያስፈልገው ተናግሯል። ብዙ ገንዘብ ይመስላል፤ ለራስ ሲካፈል ግን ለአንድ ሰው ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ ከዚህም ላይ ካምፑ፣ ምግቡ፣ መጓጓዣውና ሥልጠናው ይነሣለታል። ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በመቀሌ ሥራው ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ዙር ከትግራይ 75 ሺህ ሰው እንደሚሰናበት ተገለጠ። ከፕሪቶሪያው ፊርማ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ወደ ካምፑ የሚገቡት ሴቶችም ብዙ ናቸው፤ ስለ እነርሱ ተለይቶ የሚነገረው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል። ወንዱ ተዋጊ ሲመለስ «ጀግና» ሊባል ይችላል፤ በጫካ የነበረች ልጅ ስትመለስ ግን ጎረቤት ዝም ብሎ ያያታል፣ ለትዳርም የሚጠይቃት ይታጣል።

ገንዘብ ብቻውን ምን እንደሚያመጣ የላይቤሪያ ነገር ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 በሞንሮቪያ አጠገብ ካምፕ ተከፍቶ፣ መሣሪያ ለሚያመጣ ብር ይሰጣል በተባለ ጊዜ ካምፑ ሊይዘው የማይችል ሕዝብ ጎረፈ፣ ሁከትና ሞት ሆነ፣ ሥራውም እስከሚቀጥለው ሚያዝያ ተቋረጠ፤ በመጨረሻም ከ100 ሺህ በላይ ሰው «ተዋጊ ነኝ» ብሎ ተመዝግቦ የተገኘው መሣሪያ 28 ሺህ ገደማ ብቻ ሆነ። ዋስትና ያጣ ሰላም ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ከኮሎምቢያ ይበልጥ የሚያስረዳ አገር የለም። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1985 ከመንግሥትና ከፋርክ ሸማቂዎች ንግግር የተወለደው የአርበኞች ኅብረት የተባለው ፓርቲ በሕጋዊ መንገድ ለምርጫ ሲቀርብ፣ አባሎቹ በየመንገዱ፣ በየቤታቸው ተገደሉ፤ ሁለት የፕሬዚዳንት ዕጩዎቹም እንኳ አልተረፉም፤ የአሜሪካ አገሮች የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ባደረገው ፍርድ ተጐጂዎቹን ከ6,000 በላይ ቈጥሮ መንግሥትን ኃላፊ አደረገ። ይህን ያየ ሸማቂ ዳግመኛ ሠላሳ ዓመት በጫካ መቆየቱ ምን ይደንቃል? እ.ኤ.አ. በ2016 በተፈረመው ሁለተኛው ውል ወደ 13 ሺህ የሚጠጉት የፋርክ ሰዎች 8,994 መሣሪያ ያስረከቡት ለመንግሥት ሳይሆን ለተባበሩት መንግሥታት ልዑካን ነበር፤ ዶሪስ ሳልሴዶ የተባለች የሥነ ጥበብ ሰው ብረቱን አቅልጣ የወለል ንጣፍ አደረገችው። ያም ሆኖ ከዚያ ወዲህ ትጥቃቸውን ከፈቱት መካከል ከ400 በላይ ተገድለዋል፤ ምክንያቱም ሌሎች ታጣቂዎች ባልወጡበት ምድር ባዶ እጁን የወጣው ሰው ዒላማ ነውና። ኮሎምቢያውያን ይህን እያወቁ አላቆሙም፤ ለተመላሾቹ ጠባቂ መደቡ፣ ልዩ ፍርድ ቤት አቆሙ፣ እውነቱን የተናገረ ቅጣቱ እንዲቀልለት ሕግ አወጡ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ የቀረበ ነው። እርስ በርስ በተደረገ ጦርነት የተዋጋ ሰው የገደለው የሩቅ ጠላት አይደለም፣ የጎረቤት ወረዳ ሰው፣ አንዳንድ ጊዜም የዘመድ ዘመድ ነው። ይህን ደም የስንብት ወረቀት አያደርቀውም። ስለ ደም ግን አበው የሠሩት ሥርዓት አላቸው፤ በኦሮሞ ጉማ፣ በወሎ አባጋር፣ በሌላውም አማራ አገር በሽማግሌና በካህን ፊት የሚደረግ ደም ማድረቅ። ገዳዩ ይታወቃል፣ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሣ ይቈረጣል፣ ዘመድ ከዘመድ ጋር አብሮ ይበላል፣ ይማማላል። የነፍስ አባቱም ንስሐውን ይቀበለዋል። ይህ ሥርዓት በአንድ ነፍስ ላይ የሚሠራ መሆኑን፣ በጅምላ ለተፈጸመ ግድያና ለተደፈሩት ሴቶች እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ለዚያ የሕግ ፍርድ ያስፈልጋል። ነገር ግን ኮሚሽኑ በካምፑ ውስጥ የሚያስተምረውን ሁሉ ጨርሶ ሰውየውን በአውቶቡስ ሲያሳፍረው፣ በወዲያኛው ጫፍ የሚቀበሉት ሽማግሌዎች አስቀድመው ካልተጠየቁ፣ መንገዱ ግማሽ ላይ ያበቃል።

ሌላም፣ በዐዋጅ ያልተጻፈ ትንሽ ነገር አለ፤ ወሩ። ደገኛው ገበሬ ማሳውን መግመስ የሚጀምረው በበጋው ማብቂያ ነው፣ ዘሩን የሚዘራውም በሰኔና በሐምሌ። ከካምፕ በጥር የተሸኘ ሰው ለእርሻው ይደርሳል፤ በሐምሌ የተሸኘው ግን የሰው ማሳ ለምልሞ ያገኛል፣ የተሰጠችውን ብር በክረምቱ ይበላታል፣ እስከሚቀጥለው በጋም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ የቀድሞ አለቃው ሰው ልኮ «ና» የሚለውም በእነዚያ ወራት ነው። የተመላሹን ቀን የሚወስነው ሰው የበጀት ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ዝናቡንም ይመልከት።

የእኛ መንደር ሰው በጥር መድረሱ በጀው። በመጋቢት አንዲት ባልቴት፣ ልጃቸው በዚያው በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሳይመለስ የቀረባቸው፣ በሬያቸውን እየነዱ ወደ ደጁ መጡ። «የእኔ ልጅ ቢመለስ ከማን ጋር ያቀናጅ ነበር? ከአንተ ጋር አይደለም?» አሉት። እርሱም ምንም ሳይመልስ ቀንበሩን አወረደ። የመጀመሪያው ቀን አልሆነለትም፤ ፈሩ ጠመመ፣ «እርፉ እጄን ረሳው» እያለ ራሱን ሲወቅስ እኛ ሕፃናቱ ከዳገቱ ላይ ተቀምጠን እናይ ነበር። ከቀትር በኋላ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያያይዘው ምራን ተበጠሰ። ቤት ሩቅ ነው፣ በሬዎቹም ቆመዋል። ያን ጊዜ ከወገቡ ላይ ሰፊውን ቀበቶ ፈታ፣ በሞፈሩ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ ቋጠረው፣ ጅራፉንም አንሥቶ ማረሱን ቀጠለ።